ለኑሪያ ፍየሎች የሚላስ ጨው

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ጀማል ደወለና፣ «ቀፊራ ገበያ ከሄድሽ ያንን ፍየል የሚልሰውን የማዕድን ጨው ግዢልኝ» አለኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጀማል ፍየል የለውም፤ ያላት የአጎታችን ልጅ ኑሪያ ናት። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ተበሳጨሁ። ቅናት አያረጅም እንዴ?

ጀማል መዳህ ሳይጀምር እናታችን ታመመችና ጡቷ ደረቀ። ያኔ እኔና ኑሪያ ኮረዶች ነን፣ ቤታችንን የሚለየው አጥር ብቻ ነው። ሐርላ ያለው አያታችን ለሁለታችንም አንድ አንድ ፍየል ሰጥቶን ነበር፣ ከአንድ እናት የተወለዱ። የኔዋ ወተት ስኒ አይሞላም፣ የኑሪያዋ ግን ጣሳ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ኑሪያ ወተቷን አፍልታ ትመጣና ወንድሜን ከእቅፌ ትወስደዋለች። እሱም ገና ድምጿን ሲሰማ እጁን ይዘረጋል። እኔ ሳጥበው፣ ሳዝለው፣ ሳስተኛው የምውለው ልጅ! አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ።

የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄጄ የማዕድን ዱቄት አመጣሁ። ፍየሌ በደስታ እንድትበላው ብዬም ከምትወደው ከገራባ ጋር ለወስኩት። ድሬ ውስጥ ከሰዓት ጫት ተቅሞ የሚተርፈው ቅጠል ለፍየል ነው፤ አባቴ ደግሞ በርጫ ተቀምጦ መቃም የማይቀርበት ሰው ስለሆነ ገራባ ሞልቶን ነበር። ኑሪያ ቤት ቃሚ የለም። የሷ ፍየል በፉርሽካና በሣር ብቻ መኖሯ እንደ ድህነት ይታየኝ ነበር።

ወተቱ ጠብ አላለም። ተናድጄ ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመለስኩ።

«ዱቄትህ አይሠራም!»

«በምንድነው የምትሰጫት?» አለ ሐኪሙ።

«በገራባ።»

ሳቀ። «አቦ፣ እሱ እኮ ነው! ጫቱ ላይ ያለው አፍ የሚያደርቀው ነገር ሆዷ ውስጥ ማዕድኑን ጨምድዶ ይይዘዋል። ሰውነቷ ሳይጠቀምበት ከበጠጡ ጋር ይወጣል። ጠዋት በፉርሽካ ስጪያት፣ ገራባውን ተዪው።»

ተውኩት። በበርጫ ሰዓት ፍየሏ በሩ ላይ ቆማ ስትጮህ አባቴ፣ «ይቺን ምስኪን ምን አደረግሻት?» እያለ ይቆጣኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ወተቷ ጨመረ። አንድ ጠዋት ጣሳዬ ሞላ። ቶሎ አፈላሁና ኑሪያ ሳትመጣ ለጀማል አቀረብኩለት። ፊቱን አዞረ። ደግሜ ሳቀርብለት ወደ በሩ እያየ አለቀሰ።

ኑሪያ ወተቷን ይዛ ስትገባ የኔን ጣሳ አየች። «እሰይ! ወላሂ የኔዋም ትንሽ ትረፍ» አለችና የራሷን አስቀምጣ የኔን ወተት አነሳች። ጀማል እቅፏ ውስጥ ሆኖ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። የኔን ፍየል ወተት፣ በሷ እጅ።

እናታችን በኋላ ድናለች፣ ጀማልም አድጎ ሽበት አብቅሏል። ትናንት ጨዉን ይዤ በባጃጅ ኑሪያ ቤት ስደርስ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ከእጇ ወተት እየተቀበለ ነበር። ያው የድሮው ነገር ደረቴን ጠቅ አደረገኝ። ይህን ቅናት ይዤው የምሞት ይመስለኛል።

ጨዉን አስቀመጥኩና፣ «ኑሪያ፣ ከዚህ ጋር ገራባ እንዳትሰጫቸው» አልኳት። ምን ላድርግ፣ ወተቱን የሚጠጣው እሱ ነው።