ፎርጅድ ነው ያልኩት ማሰሪያ

ልጄ ሰዓት የሚሰበስብ መስሎኝ ነበር። በፖስታ የሚመጡለትን ትንንሽ ካርቶኖች ሲከፍት ግን ውስጣቸው ሰዓት የለም። ያለው ማሰሪያው ብቻ ነው፤ ሰዓቱን እጅ ላይ የሚይዘው የብረት ሰንሰለት። አንዱ ጠቁሯል፣ አንዱ መሀሉ ላይ ተበጥሷል፣ ሌላው መጋጠሚያው ሁሉ በላብና በሳሙና ቆሻሻ ተደፍኗል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን፣ ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ ያነጥፍና ይደረድራቸዋል።

«ሰዓታቸውስ የታለ?» አልኩት።

«ሰዓቱን አልፈልገውም፣ ማሚ። አሮጌ ሰዓት ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ኦሪጅናል ማሰሪያው ግን የለውም። ድሮ ሲላላባቸው አውጥተው ይጥሉታል። እኔ የተጣለውን ፈልጌ ፊክስ አደርገዋለሁ።»

ድስቱን ትቶ ክዳን ብቻ የሚሰበስብ ሰው አይቼ አላውቅም። ክዳኑ ብቻውን ሲመጣ ደግሞ ድስቱ የት ገባ ብዬ መጠየቄ አይቀርም።

ጥርጣሬው ዝም ብሎ አልመጣብኝም። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። እዚያ ቀለበት ይጠፋል፣ መነጽር ይጠፋል፣ የሰው ጥርስ እንኳ ይቀያየራል። ቤተሰብ መጥቶ «የአባቴ ሰዓት የታለ?» ሲል መጀመሪያ የሚታየው እንደኔ ያለችው ሠራተኛ ፊት ነው። ስለዚህ የማላውቀው ሰው የለበሰው ዕቃ ቤቴ ሲገባ ደስ አይለኝም።

አንድ ቀን አንዱን አንስቼ መቆለፊያውን ስከፍተው ውስጡ የተቀረጸ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አየሁ። ልጄን አስነበብኩት።

«ሚስትየዋ ናት መሰለኝ፤ ከፍቅር ጋር ይላል።»

«ታዲያ ሚስቱ የሰጠችው አንተ ጋ ምን ያደርጋል?»

«ሞተው ይሆናላ። ኢስቴት ሴል ነው፣ ማሚ።»

ኢስቴት ሴል ማለት የሞተ ሰው ቤት ተከፍቶ ዕቃው ሲሸጥ እንደሆነ አስረዳኝ። ያረጋጋኝ መስሎታል። በማግስቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል ይዤ መጣሁና፣ እሱ ሻወር ሲገባ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ረጨኋቸው። ወጥቶ ፎጣው መርጠቡን አየ።

«ማሚ! ውሃ ደፋሽበት?»

«ውሃ አይደለም፤ ጠበል ነው።»

«ዝገት ቢይዘውስ?»

«ጠበል አያዝግም።»

«ስቴንለስ ስለሆነ ነው የማይዝገው!» ብሎ እየሳቀ በፀጉር ማድረቂያዬ ያደርቃቸው ጀመር።

እስከዚህ ድረስ ስጋቴ በሰው ዕቃ ነበር። ከዚያ ልጄ የአባቱን ሰዓት ጠየቀኝ።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልብሱን ለሚያስፈልገው ሰው ሰጥቻለሁ። ጫማውንም። ገላው ላይ ከዋለው ነገር ያስቀረሁት ያንን ሰዓት ብቻ ነው። ከአገር ቤት አድርጎት የመጣው ነው፤ ማሰሪያውም አብሮት የተሠራው ኦሪጅናሉ ነው። ከአገልግሎት ብዛት ላልቶ የእጁን ፀጉር ይነጨው ነበር። «ይቺ ሰዓት ላጨችኝ እኮ» ይል ነበር እጁን እያሻሸ። ሲገባ በሩን ሳይከፍት በፊት ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ ማሰሪያው ሲንሿሿ ወጥ ቤት ሆኜ ይሰማኝ ነበር።

«መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለኝ ልጄ። «አባዬ ለኔ ነው ያለው። አንቺም ሰምተሻል።»

ሰምቻለሁ። ግን ማሰሪያው እንደዚያው ሆኖ ቢያደርገው አንድ ቀን መንገድ ላይ ይበጠሳል። እሱ የሚያጸዳውና የሚያስተካክለው ቀላሉን ነው፤ እንዲህ ያለቀውን አይደፍርም። ከኛ ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ የላላ ማሰሪያ የሚያጠብቁ፣ ያገራችን ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ አሉ አለኝ። እኔ ደግሞ የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ የባለቤቴ ገብቶ የሌላ ሰው ይወጣል። አንድ ዓይነት የሚመስል ስንት ማሰሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድሮ አይቻለሁ። ቢለወጥ በምን አውቃለሁ?

ብዙ ካስለመንኩት በኋላ እሺ አልኩ። ግን ከመውሰዳችን በፊት አንድ ነገር አደረግሁ። እኛ ሴቶች ለማኅበር ወይም ለልቅሶ ቤት ድስት ስንልክ እንዳይለወጥብን ቂጡ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት እናደርጋለን። የኔ ቀይ ነው። ልጄ ከሰዓቱ የፈታውን ማሰሪያ ገልብጬ ከውስጥ በኩል ቀይ ነጥብ አደረግሁበትና እፍ ብዬ አደረቅሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ሰውየው የሚሠሩት ከቤታቸው ምድር ቤት ነው። ግንባራቸው ላይ ማጉያ መነጽር አስረዋል። ዙሪያውን ትንንሽ መሳቢያ ነው፤ በየመሳቢያው ማሰሪያ፣ የማሰሪያ ቁራጭ፣ መቆለፊያ። የሚሄድ ሰዓት ግን አላየሁም። ግድግዳው ላይ ያለው ቆሟል። የቆመ ሰዓት የሰቀለን ሰው ምን ብዬ ልመን?

«አንተ ነህ በስልክ ያናገርከኝ?» አላቸው ልጄ።

በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። «እርስዎ በል!»

«ተዪው እህቴ፤ አንተ ሲለኝ ዕድሜ ቀነሰልኝ» አሉ እየሳቁ። ማሰሪያውን ተቀብለው በአንድ ጫፉ በአግድም ያዙት። እንደ ተቀቀለ ፓስታ ወደ ታች ተለመጠ። «እህ፣ ይሄማ ደክሞታል። ትታችሁልኝ ሂዱ።»

«እዚሁ ቁጭ ብዬ ብጠብቅስ፣ ጋሼ?»

«ሳምንት ሙሉ? ታዲያ አልጋ ላንጥፍልሽ?»

ልጄ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቀድሜ ወጥቼ ደረጃው ላይ ስደርስ ሰውየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለልጄ ሲናገሩ ሰማሁ። «ይሄ ፎርጅድ ነው፤ ሶሊድ አይደለም» አሉት።

ባለቤቴ ያንን ሁሉ ዘመን ያሰረው ፎርጅድ ነው? ቆይቼ ሳስበው ደግሞ የባሰው መጣልኝ። ዛሬ ፎርጅድ ነው ካሉ፣ ነገ ፎርጅድ ቢመልሱልኝ ምን ብዬ እከሳቸዋለሁ? አስቀድመው መንገዱን እየጠረጉ ነው። ስንመለስ ሴቨን ኮርነርስ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ቆመን፣ ልጄ «ምን ሆንሽ?» ቢለኝ «ምንም» አልኩት። ከኔ ይሁን ከሰውየው ጋር ሳላውቅ ምን እነግረዋለሁ?

ጥገናው ሲያልቅ ልጄ ከሥራ በዚያው ሄዶ አመጣው። ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ንጹሕ ነው፣ ያበራል። እንደሳቸው በአንድ ጫፉ በአግድም ያዝኩት፤ ቀጥ ብሎ ቀረ። ነቀነቅሁት፤ ድምፅ የለውም። ገለበጥኩት፤ ቀዩ ነጥብ የለም።

«ይሄ የአባትህ አይደለም።»

«ምን?»

«ምልክት አድርጌበታለሁ። ቀይ ጥፍር ቀለም። የታለ?»

«ማሚ፣ ሰዓት ላይ ጥፍር ቀለም?» ሳቁ አመለጠው። «ማሽን ውስጥ ገብቶ እኮ ነው የታጠበው። ኬሚካሉ ያስለቅቀዋል።»

«እሺ። ሁሉም የራሱ ነው?»

መልሱ ዘገየ። ብዙ አይደለም፤ ግን ዘገየ። ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ቅዳሜ እዚያው ትወስደኛለህ» አልኩት።

ቅዳሜ ማሰሪያውንና ሰዓቱን ይዘን ስንደርስ ሰውየው ሻይ እየጠጡ ነበር። አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፎርጅድ ያሉት ምኑን ነው?»

«ማን? እኔ?»

«እዚያ ደረጃ ላይ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የባለቤቴን ማሰሪያ ፎርጅድ ነው ብለዋል።»

ሽማግሌው ልጄን አዩት። ልጄ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ኦ ማይ ጋድ። ፎልድድ! ማሚ፣ ፎልድድ ነው ያሉኝ!»

ሰውየው ከሻያቸው አጠገብ የነበረውን የወረቀት ናፕኪን ብድግ አድርገው አጠፉት፤ ደግመው አጠፉት። «ፎልድድ! የታጠፈ! ያኔ እያንዳንዱን ቁራጭ ከድፍን ብረት አይሠሩትም፤ ስስ ብረት እንዲህ እያጠፉ ነው። ስለዚህ ውስጡ ክፍት ነው፤ ሲጠብቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለልጅሽ ያልኩት እሱን ነው።» ናፕኪኑን ሰጡኝ። «መርካቶ ያደግሁ ሰው ነኝ እህቴ። ፎርጅድ ቢሆን ኖሮ ሹክ አልልም፤ ጮኬ ነበር የምናገረው።»

አፈርኩ፤ ግን አልጨረስኩም። «ድምፁስ? ይንሿሿ ነበር።»

«የሚንሿሿው እኮ ስለላላ ነው። አጥብቅልን ብላችሁ አመጣችሁት፤ አጠበቅሁት።»

እውነታቸውን ነው። ማጥበቅ ማለት ያንን ድምፅ ማጥፋት መሆኑን ግን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

«የመጨረሻ ልጠይቅዎት። ሁሉም የራሱ ነው?»

ሰውየው ወደ ልጄ ዞሩ። «አልነገርካትም?»

መቆለፊያው አጠገብ ያለው አንዱ ቁራጭ ተሰንጥቆ ተገኝቷል። ሰውየው ለልጄ ደውለው፣ በእሱ ፈቃድ፣ የዚያኑ ዘመንና የዚያኑ ዓይነት ቁራጭ ከሌላ ማሰሪያ ላይ ፈትተው ተክተዋል። መጠርጠሬ እንግዲህ ልክ ነበር። የጠረጠርኩት ግን መጠርጠር የማይገባውን ሰው ነው።

«የማን ነው የገባው?» አልኩ።

«የሰው ነዋ።»

«የሞተ ሰው?»

«እህቴ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ብረት አብዛኛው የሞተ ሰው ነው። እኔም ተራዬን እየጠበቅሁ ነው» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

ወደ ልጄ ዞርኩ። «ለምን ደበቅከኝ?»

በእንግሊዝኛ መለሰልኝ፤ ሲጨንቀው አማርኛው ይጠፋበታል። ብነግርሽ ወደ መሳቢያው ትመልሽው ነበር፣ ነው ያለው። እኔ ላደርገው እፈልጋለሁ፣ አለ። አባቴ እንዴት ያደርገው እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ አለ።

ሰውየው ከአንዱ መሳቢያ ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ፤ የተሰነጠቀው ቁራጭ ነው። «ከፈለግሽ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ። ያኔ ሁሉም የባለቤትሽ ይሆናል። እጅ ላይ ግን እንዳይውል፤ ስንጥቁ የለቀቀ ቀን ሰዓቱ የት እንደወደቀ አታውቁትም። እንዲህ ከቀረ ደግሞ ልጅሽ እስኪያረጅ ያስረዋል።»

ማሰሪያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ባዕዱን ቁራጭ ፈለግሁ። በጣቴ ዳሰስኩ፣ ወደ መብራቱ አስጠጋሁ፤ አላገኘሁትም። ሰውየው በወረንጦ ጫፍ አሳዩኝ። ገልብጬ መልሼ ሳየው እንደገና ጠፋኝ።

እሺ፣ ልመልሰው። ሙሉውን መሳቢያ ውስጥ ልቆልፍበት። ከማን ነው የምጠብቀው? ቤት ውስጥ ከኔና ከልጄ በቀር ሰው የለም። የአባቱን ሰዓት ከልጁ ልጠብቅ ነው?

«ይሁን፤ ሰዓቱ ላይ ግጠሙለት» አልኳቸው።

ገጠሙለት። መቆለፊያው ሲዘጋ ቀጭ አለ። ልጄ እጁን ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ አየው። የተሰነጠቀውን ቁራጭ ከነከረጢቱ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

መኪና ውስጥ ሕጉን ነገርኩት። ለጓደኛ አታውሰውም። ሄርንደን ሥራ ቦታህ ስትገባ እጅህን ልትታጠብ አውልቀህ መታጠቢያው ላይ አታስቀምጠውም፤ ኤርፖርት አጠገብ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ብዙ ነው። እሱ እሺ፣ እሺ ይላል። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ግራ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ሰዓቱን ያያል፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እንኳ አላየም፣ ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ።

ቀጣዩ መብራት ላይ ከጎናችን አንድ መኪና ቆመ። ሾፌሩ ወደኛ ዞሮ ነበር። በልጄ ደረት ላይ ተንጠራርቼ የሹራቡን እጅጌ እስከ መዳፉ ድረስ ጎተትኩለት።

«ማሚ፣ ማንም አያየውም እኮ።»

«አንተ ምን ታውቃለህ» አልኩት። እጅጌውን አልለቀቅሁም።