በግማሽ በርሜል የተኛ ሸንኮራ

እናቴ አባቴን ቀብራ ከቆላ እኔ ጋ ስትመጣ ሻንጣዋን አልፈታችም። አልጋው ሥር አስቀምጣው ልብሷን ከዚያው እያወጣች ትለብሳለች፣ መልሳ ትቆልፈዋለች። "መስከረም ሲጠባ እሄዳለሁ" ትለኝ ነበር። ባዶ ቤት ብቻዋን እንዳትገባብኝ ፈርቼ ነበር፤ ግን ቅሪልኝ ብላት እምቢ ትለኛለች ብዬ ዝም አልኩ።

አንድ ቅዳሜ መርካቶ ወስጃት ሸንኮራ ገዛሁላት። ሻጩ ጫፉን ቆርጦ ጣለው። ስኳሩ ወደ ሥሩ ስለሆነ ጫፉን የሚፈልገው የለም። እናቴ ጎንበስ ብላ ከልጣጩ መሀል አነሳችው።

"እማዬ፣ ተይው፣ ቆሻሻ ነው።"

"ልበላው መሰለህ?"

ሥራዬ ምን አለሽ ተራ ነው፤ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ እሠራለሁ። ማክሰኞ ማታ ቤት ስገባ፣ ለሥራ ያስቀመጥኩት ደህና ግማሽ በርሜል አፈር ተሞልቶ በሩ ላይ ተገትሯል። ደሜ ፈላ። አፈሩን ጫር ባደርገው ያ የሸንኮራ ጫፍ በጎኑ ተጋድሟል።

"ደግሞ ተኝቶ ይበቅላል?" አልኳት።

"እንደ ቀርከሃ ባዶ መሰለህ? ድፍን ነው። በየአንጓው ዓይን አለው፤ ስታጋድመው ሁሉም ዓይን አፈር ያገኛል" አለች፣ እጇን እያራገፈች።

"እና መቼ ነው የሚደርሰው?" በርሜሌን የማስመልስበትን ቀን ለማወቅ ነበር።

"እኛ ጋ ቢሆን ዓመት አለፍ ሲል ነው። እዚህ ብርድ ነው፤ ከከርሞም ሊያልፍ ይችላል። አይዞህ፣ እኔ አጠጣዋለሁ።"

ከከርሞም። እኔ አጠጣዋለሁ። በርሜሉን ተውኩላት።

በቀለ። ቅጠሉ በቆሎ ስለሚመስል ጎረቤታችን ባለፈች ቁጥር "እትዬ፣ እሸቱ ሲደርስ እንዳይረሱን" ትላታለች። እናቴም አታርማትም፣ "መቼም አልረሳሽ" ትላለች። ቅጠሉ ግን እንደ በቆሎ ገር አይደለም፤ ጠርዙ ቆዳ ይሰነጥቃል። ቸኩዬ በወጣሁ ቁጥር እጄን ይጭረኛል፣ እረግመዋለሁ።

መስከረም ጠባ። ስለ መሄድ እሷም አላነሳች፣ እኔም አልጠየቅኩ። በበዓሉ ማግስት ከአልጋው ሥር ጫማዬን ስፈልግ ሻንጣው የለም። ደንግጬ ቀና ስል ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አየሁት። አወረድኩት፤ ባዶ ነው። ቁም ሳጥኑን ስከፍት ልብሷ በሙሉ ከእኔ ሸሚዞች ጎን ተሰቅሏል። ቁጭ ብዬ ተመስገን አልኩ፤ ትንሽም አለቀስኩ።

ሸንኮራው አሁን ከእኔ ቁመት በልጧል። እናቴ ጠዋት ጠዋት አንጓውን ዳበስ አድርጋ "ገና ነው" ትለኛለች። እኔም በልቤ አይቸኩል እላለሁ።