አክስቴ ያልሰማቻቸው መሳሞች

አክስቴን ማተሚያ ቤት ውስጥ የሚያውቋት «ቀይ እስክሪብቶ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ስታርም ኖራለች፤ ያውም እየተቆጣች። የመድኃኒት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ስህተት ካለበት፣ ገብታ ባለቤቱን ካላስጠራች አታልፍም። የሠርግ ጥሪ ሲላክላት ከሙሽሮቹ ስም በፊት የምትፈልገው የጎደለ ነጥብ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በአሥር ዓመቴ አጥፍቼ «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብዬ የጻፍኩላትን ደብዳቤ አርማ መልሳልኛለች። መልሷ ከታች በአንድ መስመር ሰፍሮ ነበር፦ «ይቅር ብያለሁ፤ እንደገና ገልብጪው።»

እንዲህ ያለች ሴት ዓይኗ ሲደክም ለማን ትናገር?

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ሻይ ስትቀዳ ከስኒው አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይፈስ ጀመር። «አምፖሉ ነው» አለች፤ አምፖሉን ቀየርኩ። «መስኮቱ ቆሽሿል» አለች፤ መስኮቱን ወለወልኩ። ከዚያ በኋላ የምቀይረውም የምወለውለውም አለቀ። የዓይን ሞራ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቃሉን ግን ቤታችን ውስጥ ደፍሮ የጠራው የለም። አያቴ ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በዚያው ጨልሞባት ነው የሞተችው። አክስቴ ከሞት ይልቅ ያንን ትፈራለች። ማተሚያ ቤቱ ቢሰማ ደግሞ «በቃ ይረፉ» ብሎ በክብር ያሰናብታታል። በክብር መሰናበት ለእሷ በቁም መቀበር ነው።

ሥራዋን ቤት ወስዳ መሥራት ከጀመረች ቆይታለችና አንድ መላ ዘየደች። እኔ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። «ልጄ፣ አንቺ አንብቢልኝ፤ እኔ በጆሮዬ አርማለሁ» አለችኝ። ለማንም እንዳልናገርም አስማለችኝ። እኔ አነባለሁ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ «እዚያ ጋ ቁሚ» ትላለች፤ ያለችውን በቀይ እጽፋለሁ። አሥር ወር እንዲህ ስንሠራ አንድም ሰው አልጠረጠረም። እንዲያውም ሥራ አስኪያጁ «እትዬ፣ የእጅ ጽሑፍዎ አምሯል» ብሎ አመስግኗታል።

ከዚያ የነርሷ ልቦለድ መጣ።

ጸሐፊዋ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የመጀመሪያ መጽሐፏ ነው። በዓለም የታወቀ ነጭ ዘፋኝ ለትርዒት ይመጣል፤ መድረክ ላይ ማይክሮፎኑ ጥርሱን ይሰብረዋል፤ ጥቁር የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይወስዱታል። ሐኪሟ ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ብታውቅም ደንታ የላትም። «አፍህን ክፈት» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ሰውየው አራት መቶ ገጽ ሙሉ አፉን አልዘጋም። ጋዜጠኞች ያሳድዷቸዋል፣ የሁለቱም ዘመዶች ያጉረመርማሉ፣ እሷ ታባርረዋለች፣ እሱ ሌላ ጥርሱን ይዞ ይመለሳል። እኔ ወደድኩት። አክስቴም «ልጅቷ መጻፍ ትችላለች» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ሽልማት ነው።

ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ተሳሳሙ።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አክስቴ አግብታ አታውቅም። ቴሌቪዥን ላይ ሰዎች ሲሳሳሙ ወይ እሷ ውኃ ልትጠጣ ትነሳለች፣ ወይ እኔ እነሳለሁ፤ አንዳንዴ ሁለታችንም ተነስተን ማድ ቤት እንገናኛለን። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያም ሆኖ ያንን ገጽ ለእሷ ጮክ ብዬ ከማነብ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቴ ጋለ። ሦስት ገጽ ገለበጥኩና «ከዚያ ተሰነባብተው ወደየቤታቸው ሄዱ» አልኩ። አክስቴ «ቶሎ ተለያዩ» አለች እንጂ ሌላ አልጠየቀችም። መጽሐፉ ውስጥ እንደዚህ ያለ ቦታ አሥራ አንድ ነው። አሥራ አንዱንም ዘለልኩ። መሳም ውስጥ ደግሞ ምን ስህተት ይኖራል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ያላወቅሁት ነገር፣ ነርሷ መጀመሪያ ስትጽፈው ዘፋኙ ጥቁር፣ ሐኪሟ ነጭ እንደነበሩ ነው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ሐሳቧን ቀይራ ገለበጠቻቸው። ሌላውን ቦታ ሁሉ አስተካከለች፤ የመሳሙን ገጾች ግን እሷም አፍራ መለስ ብላ ሳታያቸው ቀረች። ጸሐፊዋ አፈረች፣ አንባቢዋ አፈረች፣ አራሚዋ አልሰማችም፤ መጽሐፉ ታተመ።

በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ማተሚያ ቤቱ የአንባቢዎችን ደብዳቤ በትልቅ ፖስታ ላከ። ላዩ ላይ ሥራ አስኪያጁ «እባክዎ ይመልከቱትና ነገ ይምጡ» ብሎ ጽፏል። አክስቴ ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠችና «አንብቢ» አለች። የጠበቀችው ምስጋና ነበር።

የመጀመሪያዋ የሱቅ ሠራተኛ ናት። አውቶቡስ ውስጥ ስታነብ መውረጃዋን ሁለት ጊዜ አልፋለች። «ግን» ትላለች ቀጥላ፣ «ገጽ መቶ አርባ ላይ ዘፋኙ በአንድ እጁ ፊቷን ይዞ፣ በአንድ እጁ ወገቧን አቅፎ፣ በአንድ እጁ መብራት ያጠፋል። ሦስተኛውን እጅ ከየት አመጣው? ብታስተካክሉት እንደገና ገዝቼ አነበዋለሁ።»

አክስቴ ግንባሯን ቋጠረች። «እንዲህ ያለ ነገር እኔን አያልፈኝም» አለች። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ሁለተኛው ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ስህተቶቹን ከነገጻቸው በሰንጠረዥ አስቀምጧቸዋል። «መጽሐፉ ሰዎቹ እስኪሳሳሙ ድረስ ንጹሕ ነው፤ ሲሳሳሙ ይበላሻል፤ ሲላቀቁ ይስተካከላል። አራሚዋ እነዚህ ቦታዎች ላይ ስትደርስ ዓይኗን ትሸፍን ነበር እንዴ?» ይላል። ይቺን አላነበብኳትም። ስለ ሽፋኑ ሥዕል የጻፈውን አነበብኩና አለፍኩ።

ሦስተኛው ሁለት ወረቀት ነው። የጻፈችው ጥቁር ሴት ናት፤ ከነጭ ባሏ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ኖራለች። «እኛን የሚመስል ታሪክ በቋንቋዬ ሳገኝ ከደስታዬ ብዛት ለባሌ ልነግረው ሮጥኩ» ትላለች የመጀመሪያው ወረቀት ላይ። እሱን በጥሩ ድምፅ አነበብኩት። ሁለተኛውን በዓይኔ ብቻ አየሁት። ቶሎ አጥፌ አራተኛውን ደብዳቤ አነሳሁ።

«ቆይ» አለች አክስቴ።

«ምነው?»

«ሁለት ወረቀት ሲገለጥ ሰምቻለሁ። ያነበብሽው አንድ ነው።»

አራተኛውን ደብዳቤ መልሼ አስቀመጥኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ዘለልሽ?»

ከዚያ በላይ መሸሸግ አልቻልኩም። ከገጽ ስልሳ አንድ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። «አፍሬ ነው፣ አክስቴ» አልኩ፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ስትቆጣ አውቃታለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልተቆጣችም። «ሁለተኛውን ወረቀት አንብቢው» ብቻ አለች። አነበብኩት።

«ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ሐኪሟ ስትሳም ነጭ ጉንጯ ይቀላል። ገጽ ስልሳ አራት ላይ መልሳ ጥቁር ናት። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ተስሜያለሁ፤ እስካሁን መልኬ አልተቀየረም። ባሌ ስነግረው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቆይቶ ግን አመመኝ። አንዲት ጥቁር ሴት እንድትወደድ መጀመሪያ መንጣት አለባት ማለታችሁ ነው?»

እንደገና አስነበበችኝ። ስጨርስ አክስቴ እያለቀሰች ነበር። ከእናቴ ሞት ወዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

«ይቺ ሴት ተደስታ ነበር» አለች። «ከእጇ ላይ የነጠቅኳት እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ እንጂ።»

«አንቺን ዓይኔ ያደረገሽ ማን ሆነና? ዝም በይ አሁን።»

በማግስቱ ክንዷን ይዤ ማተሚያ ቤት ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። «እትዬ፣ ጸሐፊዋ ውስጥ ተቀምጣለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎ እንዲህ ያለ ስህተት እንደማያሳልፉ ሁሉም ያውቃል። ካረሙላት በኋላ ገጾች ቀይራ አስገብታ ነው ብለን ጋዜጣ ላይ እናውጣ። ልጅቷ ገና ጀማሪ ናት፤ ሰው ይረሳላታል። የእርስዎ ስም ግን ከተበላሸ ተበላሸ ነው።»

እውነቱን ልናገርና፣ እሺ እንድትለው ተመኝቼ ነበር። አንዲት «አዎ» ብቻ ብትወጣት ስሟም ይተርፋል፣ ዓይኗም ተደብቆ ይቀራል። ነርሷ ብትክድም የሚያምናት የለም። አክስቴ ክንዴን ጨበጥ አደረገችና «አስገቢኝ» አለች።

ነርሷ ከነሥራ ልብሷ ተቀምጣለች፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች፣ ፊቷ ጠይም ሆኖ ዓይኗ አረንጓዴ የሆነ ሴት ናት። አክስቴ ወንበር ሲሰጧት አልተቀመጠችም።

«ዓይኔ አያይም» አለች። «ዓመት ሆኖታል። መጽሐፍሽን ያነበበችልኝ ይቺ የእህቴ ልጅ ናት፤ የመሳሙን ቦታ እኔን አፍራ ዘለለችው። እኔ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ መሬት መሬት አየ። ነርሷ አክስቴን ቀና ብላ አየቻት።

«እትዬ፣ ሰው ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ጥቁር ሴት ትንቃለች ተባልኩ። እናቴ ነጭ ናት፣ አባቴ ጥቁር ነው። ሰዎቹን የገለበጥኳቸው የእናትና አባቴ ታሪክ መሆኑ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው። የአባቴ እህቶች ደውለው እያለቀሱ ጠየቁኝ። ሁለተኛ ብዕር አልይዝም ብዬ ምያለሁ።»

«ብትቆጪ እውነት አለሽ» አለች አክስቴ። ሌላ ምክንያት አልደረደረችም።

ነርሷ ቁጣዋን አቋርጣ የአክስቴን ፊት ተመለከተች። ሙያ ክፉ ነው፤ ተነስታ አክስቴን ወደ መስኮቱ ወሰደቻት፣ አገጯን ቀና አድርጋ ዓይኗን አየች። «ይሄ እኮ የሚድን ነው» አለች። «ለምን ዝም አሉ?»

«እናቴን ነክተዋት ጠፋባት።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አርባ።»

«እትዬ፣ አሁን እንደዚያ ጊዜ አይደለም። ዋስ አልሆንዎትም፤ ግን አብዛኞቹ እያዩ ነው የሚወጡት። ማክሰኞ ይምጡ፤ እጅዎን ይዤ እገባለሁ።»

አክስቴ እሺም እምቢም አላለችም። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ሁለተኛው እትም ሌላ አራሚ እንደሚሰጠው ተናገረ።

«የለም» አለች ነርሷ። «መምህሩ የላከውን ሰንጠረዥ አላያችሁም? እሳቸው በሰሙት ገጽ ላይ አንድም ስህተት የለም። እሳቸው ይጨርሱት።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ሥራ አስኪያጁ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ጋዜጣ ላይ ሊያወጣው የነበረውን ለእሱ ትቼለታለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነርሷ እኛ ቤት መጣች። ሦስታችን ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን፤ አንባቢዋ እኔ ነኝ፤ የጀመርነው ሦስት እጅ ካለበት ገጽ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቋረጥኩት። ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ለቀቅሁት። ነርሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። አክስቴ ብቻ የፍርድ ቤት ዳኛ መስላ ታዳምጣለች።

«ቁሚ። ይሄ ስንተኛው እጁ ነው?»

«ሦስተኛው።»

«መብራቱን እሷ ታጥፋው። ሁሉን ነገር እሱ ነው እንዴ የሚሠራው?»

ነርሷ ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ወደ ገጽ ስልሳ አንድ ስንመለስ ግን ሳቋ ጠፋ። የጉንጩን ዓረፍተ ነገር እንድሰርዘው ለመነችኝ።

«አትሰርዢው» አለች አክስቴ። «ከሰረዝሽው ይቺ ልጅ ስትሳም ምንም አልተሰማትም ማለት ነው። እናትሽ ስትስመው አባትሽ ምን ይሆን ነበር?»

ነርሷ አሰበች። «አይቀላም» አለች። «ከጆሮው ሥር ግን ይሞቃል። ልጅ ሆኜ አንገቱ ላይ ስንጠለጠል በጉንጬ አውቀው ነበር።»

«እሱን ጻፊው። እኔም አየሁት።»

«ከጆሮዋ ሥር ሞቃት» ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ እፍረቴ ለቀቀኝ። የሚቀረውን በደስታ አነበብኩ፤ ምኑን ይሄን ሁሉ እፈራ እንደነበር ገረመኝ። አክስቴ በመሃል አስቁማኝ ለመጨረሻው ገጽ የሚሆን ማስታወሻ አስጻፈችኝ፦ «በመጀመሪያው እትም የነበሩት ስህተቶች የአራሚዋ ናቸው። ሳታይ አይቻለሁ ብላለች። ደስታቸውን ላጎደለችባቸው አንዲት አንባቢ ይቅርታ ትጠይቃለች።» ከሥሩ ሙሉ ስሟን አስገባችበት።

አሥራ አንደኛውን አንብቤ ጨረስኩ። እርማቱን ጠበቅን።

«እዚህ ላይ ምንም አልነካም» አለች። «እንዲህ ነው።»

እኔና ነርሷ ተያየን።

«ምን ትተያያላችሁ? ሃምሳ ስምንት ዓመት ዝም ብዬ የኖርኩ መሰላችሁ?»

ነርሷ ወረቀቶቹን ሰበሰበች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ማክሰኞስ?» አለች በመጨረሻ።

አክስቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አቆላለፈች። «እፈራለሁ» አለች። ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ትንሽ ቆይታ ፊቷን ወደ ነርሷ ድምፅ አዞረች። «ቢበራልኝ ደግሞ የማነበው ያስፈልገኛል። የሌላ ሰው አልፈልግም።»

ነርሷ ምላለች፤ ሁለተኛ ብዕር አልይዝም ብላ። እኔን አየችኝ፣ ወለሉን አየች፣ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠመዘዘች።

«ሰባ ገጽ ደርሻለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«ተሳስመዋል?»

«ገና ናቸው።»

«እስከ ማክሰኞ ይሳሳሙ» አለች አክስቴ። «እነሱን ራሴ ነኝ የማነባቸው።»