ልብ ላይ የሚተከል

ዛሬ ጠዋት ምች ለመታው የጎረቤት ልጅ ዳማከሴ ጨመቅኩለት። ሽታው ከጣቶቼ ይለቅ ብዬ በሳሙና ታጠብኩ፤ ወይ ፍንክች! እንግዲህ ትዝታው ከመጣ ልንገርህ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አባቴ ቦንጋ ውስጥ ግንበኛ ነበር። ትምህርት ቤታችን የመድኃኒት አትክልት ሊያስተክል ሆነና የሳይንስ መምህራችን፣ "ጋሼ፣ በሰው ቅርጽ ይሥሩልን፤ የቱ ቅጠል ለየትኛው አካል እንደሆነ ልጆቹ ይዩ" ብለው ለመኑት። አባቴ ታላቅ እህቴን እርጥብ ሣር ላይ በጀርባዋ አስተኝቶ ዙሪያዋን በችካልና በሲባጎ ለካ። በልኳ የተጋደመች የሲሚንቶ ሴት ሠራ፤ በየአካሏም አፈር የሚይዝ ጉድጓድ ተወላት።

"አባዬ፣ ቶሎ በል! ጉንዳን ጨረሰኝ" እያለች እህቴ ትስቅ ነበር። ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታል። ልቧን ታማ ነበር፤ ሐኪሞቹም ተስፋ አልሰጡንም።

ግንባሯ ላይ ዳማከሴ ተተከለ፣ አንገቷ ላይ ዝንጅብል፣ ሆዷ ላይ ጤና አዳም። እህቴ ባዶውን የደረት ጉድጓድ አየችና፣ "እዚህስ? ለልብ ምን አለ?" አለች።

አባቴ ሲሚንቶ የነካው እጁን በሱሪው ጠረገ። "አይጠፋም። ፈልጌ አመጣለሁ።"

ፈለገ። ቅጠል ያውቃሉ የተባሉትን ሽማግሌዎች በካፊኖኖ ቋንቋ ጠየቀ፤ ሺሺንዳ ገበያ ሄደ፤ እስከ ደካ ከተማ ድረስ ዘለቀ። ባዶ እጁን ተመለሰ።

እህቴ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። አልዋሽህም፣ አላለቀስኩም። ድንኳኑ ላይ ዝናብ ሲወርድ እሰማለሁ፤ ንፍሮ አድይ ሲሉኝ አድላለሁ። በቃ፣ በድን ሆኜ ነበር። እናቴ ከቀብሩ ወዲህ ያን የትምህርት ቤት ግቢ አልረገጠችም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን አባቴ ከቢታ ገነት ከመጣ አውቶቡስ ሲወርድ በኮባ የተጠቀለለ ችግኝ አቅፏል። ቤት እንኳ አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ አለፈ። እኔና እናቴ ተከተልነው። የሲሚንቶዋ ሴት አጠገብ ተንበርክኮ የደረቷን አረም ነቀለ።

"ይቺ ለልብ ናት አሉኝ" አለ።

"አባዬ፣ እሷ እኮ..." ልል ስጀምር እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ከቧንቧው ውሃ ቀድታ መጣችና በእፍኟ ቀስ እያደረገች አጠጣች። አባቴ አፈሩን በመዳፉ ጠቀጠቀ።

"ይስማማት ይሆን?" አላት።

እናቴ የቀረውን ውሃ አፈሰሰች።

"ይስማማታል" አለችው።