ስኳር የበዛበት ሻይ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ክሊኒክ የሚመጣው የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ነው። ዛሬ እጅጌውን ሲሰበስብ፣ ክንዱ ከላይ እስከ ታች በልዞ ነርሷ አየች።

«አባባ፣ ከደም ማቅጠኛው ሌላ የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

«ምን በወጣኝ። የጉልበት ማስታገሻ ከዚህኛው ጋር ደም ያፈሳል ስትሉኝ፣ ጥርሴን ነክሼ ችዬው ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ተመስገን፣ ሕመሙ ራሱ ለቀቀኝ።»

አጠገቡ የተቀመጠችው ልጁ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ማስታገሻውን ፈጭቼ በሻይ እሰጠው ነበር» አለች ለነርሷ፣ አባቷ እዚያ የሌለ ይመስል። «ሲያቃስት አንጀቴ አልችል አለኝ። እንዳይመረው ስኳር አበዛበታለሁ።»

ነርሷ ቁጣ ጠበቀች። ሽማግሌው ግን ሜትሩን አውርዶ በጣቱ ላይ ቀስ እያለ ጠቀለለው።

«እኔ እኮ ስኳር ስታበዛልኝ» አለ፣ «ቁርጥ እናቷን ናት እያልኩ ለደንበኞቼ አወራ ነበር።»

የደሙን ውጤት ሲጠብቁ ልጁ ከበሩ ላይ ሻይ ገዝታለት መጣች። ሽማግሌው ብርጭቆውን ተቀበላት፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየውና መልሶ ዘረጋላት።

«እስቲ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው።»