ወንፈል የገባ ክፍል

«አንቺ ልጅ፣ ክፍልሽ ክፍል ሳይሆን ገበያ ነው» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ ፊት ለፊቴ። ቢሯቸው ውስጥ እንኳ ቢሆን ጥሩ፤ ሰልፍ ሜዳው ላይ፣ ተማሪ እየሰማ። «ሐሙስ እገባለሁ። እንዲሁ ካገኘሁት ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ቦታው የአንዲት ለወሊድ የወጣች መምህርት ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ንፋስ መውጫ ከተማ እናቴ ቤት ስልክ ስጎረጉር ከርሜ፣ ለሦስት ወር እንድተካት ነው የተላክሁት። ሥራውን ደግሞ ወደድሁት! ቁጭ ማለት ለማይሆንለት ሰው፣ ቆሞ እየለፈለፈ የሚውልበት ሌላ ሥራ ከየት ይገኛል?

ጩኸቱ ግን እውነት ነው። አምስተኛ ክፍሎችን ስድስት ስድስት አድርጌ እከፋፍልና የክፍልፋይ ጥያቄ ሰጥቼ «በጋራ ሥሩ» እላለሁ። አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ ሁለቱ ይገለብጣሉ፣ የቀሩት በእስክሪብቶ ክዳን ያፏጫሉ። ስቆጣ ጭጭ፤ ዞር ስል ያው።

ማክሰኞ ዕለት፣ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት ረጅም ልጅ ከኋላ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ በጋራ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እንጃ። ትናንት እኛ ቤት የገብስ አጨዳ ወንፈል ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያግዘን መጣ። የቀደመ ሰው ወደኋላ ተመልሶ የዘገየውን ያግዛል። ጥሎት ቢሄድ ይሰደባል። እዚህ ግን የጨረሰ ይተኛል።»

ወንዶቹ ሳቁ። እኔ ጠረጴዛውን መታሁት።

«በቃ! ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ክፍል ወንፈል ነው!»

እርስ በርስ ተያዩ። «የምርዎን ነው፣ ቲቸር?» አለ አንዱ።

«ከዋሸሁ ምላሴን ይቁረጠው!»

ደንቡን ራሳቸው አወጡት። የጨረሰ የጎኑን ያስረዳል። መልሱን ዝም ብሎ መንገር ክልክል ነው። የመጨረሻው ልጅ ካልገባው ማንም አልጨረሰም። አጨዳ ያለ ዘፈን አይሆንምና ዘፈን አውራጅም መረጡ፤ ማንን ቢሉ፣ በክዳን ከሚያፏጩት ዋነኛውን!

«ማን ቀረ?» ይላል አውራጁ።

«ጥግ ያለው!» ይቀበላሉ።

«እንሂድለት?»

«እንሂድለት!»

ሄደውም ይከቡታል። ጥግ ያለው ልጅ ሲገባው እልል ይባላል። እኔ ጫማዬን አውልቄ አግዳሚው ላይ ወጥቼ አጨበጭባለሁ። ጩኸቱማ ባሰበት።

ሐሙስ ጧት ርዕሰ መምህሩ ገቡ። ዘፈኑ ቀጥ አለ። ከሁሉም ትንሹን፣ ስሙ ሲጠራ እንኳ የሚደነግጠውን መርጠው አስነሡትና ጥያቄውን በቾክ ሰሌዳው ላይ ጻፉለት።

«ሦስት አራተኛ ሲደመር አንድ ስምንተኛ?»

ልጁ ጣራውን አየ። አውራጁ ከንፈሩን ነክሶ ያዘ።

«ሰባት ስምንተኛ።»

«ሰባቱን ከየት አመጣኸው?»

«ሦስት አራተኛ ማለት ስድስት ስምንተኛ ነዋ፣ ጋሼ! ዳቦውን ስምንት ቦታ ቢቆርሱት ያዩታል።»

ሌላ ልጅ አስነሡ፤ መለሰ። ሌላም፤ መለሰች። ቾኩን አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉ።

«ድምፁን ቀንሱ» አሉ። በሩ ላይ ደርሰው ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ። «ቀጥይ።»

ኮቴያቸው ሳይርቅ ክፍሉ ፈነዳ። ከልጆቹ ጋር ዘለልሁ፤ ከሁሉም በላይ የጮህሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። የመውጫው ደወል ተደውሎ ደብተሬን ስሰበስብ ረጅሟ ልጅ ፊቴ ቆመች።

«እንግዲህ ተራው የእርስዎ ነው፣ ቲቸር።»

«የምን ተራ?»

«ወንፈል ነዋ። እኛ ሠራንልዎ፣ ቦታዎን አተረፍንልዎ። አሁን እርስዎ ይመልሳሉ። ዛሬ ከሰዓት የእኛ ቤት ቀሪ ገብስ፣ ነገ አውራጁ ቤት፣ ቅዳሜ...»

«ቆይ፣ ቆይ! ስንት ቤት ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«እኔ እኮ አጭጄ አላውቅም!»

«ነዶ ይሸከማሉ» አለ አውራጁ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

አርባ ሁለቱም በሩ ላይ ተኮልኩለው ይጠብቁኛል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርሁና ተከትያቸው ወጣሁ።