ለአንሶላ ሰላምታ የመለሰ መጠለያ

ዛሬ አመሻሽ ላይ ሸዋ ሮቢት፣ የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ለአንሶላ ሰላምታ ሲመልስ አየሁ።

እንደ ስክሪን በተሰቀለው አንሶላ ላይ የማሳየው የራሴን አጭር ፊልም ነበር። የመጠለያው ሽማግሌ ጋሼ ይማም ብቅ ይሉና «አሰላሙ አለይኩም። የልጆች ክትባት ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ በሩ ጋ ነው» ይላሉ። ቅዳሜ ማለት ነገ ነው።

ሕዝቡ ግን «ወአለይኩሙ ሰላም፣ እንዴት አመሹ ጋሼ፣ ቤተሰብ ደህና?» ሲል ክትባቱ ሳይሰማ አለፈ። ጋሼ ይማም እኮ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

ደግሜ አሳየሁ። እነሱም ደግመው መለሱ፤ ጋሼ ይማም ጭምር።

«ምነው ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነዎት» አልኳቸው።

«ስትቀርጸኝ ከሰላምታው በኋላ እስኪመልሱ ዝም ብዬ ነበር። ዝምታዬን የት አደረስከው?»

ፊልሙ እንዳይንዛዛ ብዬ ቆርጬው ነበር።

«ቤት ንብረቱን ጥለን መጣን። ሰላምታውንም እንጣል?» አሉ ጋሼ።

ላፕቶፔን ከፍቼ ዝምታውን ወደ ቦታው መለስኩትና እንደገና አሳየሁ። አሁን ሰላምታው አለቀ፣ ክትባቱም ተሰማ። አንዲት እናት እንዲያውም «ስንት ሰዓት ላይ?» ብላ አንሶላውን ጠየቀችው።

እናንተስ፣ ስክሪን ውስጥ ላለ ሰው ሰላምታ መልሳችሁ ታውቃላችሁ? ሳታፍሩ ጻፉልኝ። በመጨረሻው ዙር እኔም መልሻለሁ።